የተኩላዋ ልክ

ሸዋሮቢት፣ ታኅሣሥ 9 ቀን

ለአብሮ አደጌ፣

እንዴት ሰነበትክ? ሎጊያስ እንዴት ይዛሃለች? ሙቀቷ ከኛ ይብሳል ይላሉ፤ ከኛ የባሰ ሙቀት ምን እንደሚመስል ግን ማሰብ አቅቶኛል። ሰው ደብዳቤ ሲጀምር ጤና የሚጠይቀው ለወጉ ነው፤ መልስ ሳይጠብቅ ወደ ጉዳዩ ያልፋል። እኔ ዛሬ ለወጉ አልጠየቅኩህም። እግርህ እንዴት ነው? የግራ ባትህ፣ ያ የተነከስክበት ቦታ፣ ያሳክክሃል? ይነዝርሃል? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ውሃ እንደ ድሮህ ጆጉን አንስተህ ትጠጣለህ? ሌላውን ሁሉ ትተህ መጀመሪያ ይህን ለራስህ መልስና ከዚያ ማንበብህን ቀጥል።

እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ፈይዛ ሰላም በልልኝ ብላለች። ልጄ ሒክማ ከትምህርት ስትመለስ ሱቅ እየመጣች እጅጌ መቁረጥ ተምራለች፤ እጇ ከእኔ ይልቅ ይረጋል። እናትህ ደህና ናቸው። በየጠዋቱ በሱቄ በር ሲያልፉ ቆም ይሉና ስላንተ ይጠይቁኛል፣ እኔም መልሼ እሳቸውን እጠይቃለሁ፣ ሁለታችንም የምናውቀው ነገር የለም። እኔ ትንሽ ደክሞኛል። ይህን የምጽፍልህ ከምሳ በኋላ ሱቁን ዘግቼ፣ ቬንትሌተሩንም አጥፍቼ ነው። ወረቀቱ በላብ ተጨማድዶ ከደረሰህ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ስልኬን እንደማታነሳ አውቃለሁ። ሠላሳ ጊዜ ደውያለሁ። በሒክማ ስልክም ሞክሬ ነበር፤ ድምፄን ስትሰማ ዘጋኸው። ከዚያ እናትህን ለመንኳቸው። እሳቸውም ደውለው፣ ልጄ ሐኪም ቤት ሂድና መርፌ ተወጋ ሲሉህ፣ ያ ልብስ ሰፊ ነው የላከሽ፣ አላግጦብኝ ከአገር ካስወጣኝ በኋላ ደግሞ በመርፌ ሊጫወትብኝ ነው አልካቸው። ስቀህ ነው የዘጋኸው አሉኝ። አልፈርድብህም። ይህን ያህል ዘመን አብረን ስንኖር ቁም ነገር የነገርኩህን ቀን እኔም አላስታውሰውም። ሎተሪ ወጥቶልሃል ብዬ እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ በአውቶቡስ የሰደድኩህ ሰው ነኝ። አሁን እውነት ስናገር የሚያምነኝ ሰው ባጣ የማንም ጥፋት አይደለም።

ለዚህ ነው ወረቀት ያነሳሁት። በወረቀት ላይ ድምፄ የለም፤ ድምፄ ከሌለ ቀልድ አይመስልህም ብዬ ነው። የሚያደርስልህ ሞገስ ነው፣ የጀውሃው ሹፌር፣ ቦርጩን ሳይሆን ምኞቱን አስለክቶ ሱሪ የሚያሰፋው። ነገ ማለዳ ጭነቱን ይዞ ወደ እናንተ ይነሳል። በእጅህ እንጂ ለሌላ እንዳይሰጥ ነግሬዋለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ላንሳው። አንተ የምታውቀው ወንዙ ዳር የሆነውን ነው፤ እኔ የማውቀው ሱቄ በር ላይ የሆነውን ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የሰፋቸው ሰው ጠፋ።

ጥቅምት 22 ቀን ጠዋት፣ ፀሐይ ጠንክራ ከወጣች በኋላ፣ ራሔል እንደ ልማዷ ለሻይ ቤቷ ውሃ ልትቀዳ አህያዋን እየነዳች ሮቢ ወንዝ ወረደች። ጀሪካኖቹን እየሞላች ሳለ ያቺ ተኩላ ከግራሮቹ ሥር ወጥታ አህያውን አፍንጫው ላይ ነከሰችው። ነክሳም አልለቅ አለች። አንተ ሽንኩርትህን እየኮተኮትክ ነበር፤ የራሔልን ጩኸት ስትሰማ ቦዩን ዘለህ ደረስክ። አህያውን ለቀቀችና ባትህን ያዘች። በዶማው ጀርባ አናቷን ስትላት ወደቀች። ይህን ሁሉ ያየችው ራሔል ብቻ ናት። እኔ የሰማሁት ገና አሁን፣ ከእሷ አፍ ነው። ያን ቀን አልጠየቅኩም።

እኔ ያየሁት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ሱሪህ ተቀድዶ፣ ደምህ ካልሲህ ውስጥ እየገባ፣ ተኩላዋን በጭራዋ ጎትተህ ሱቄ ፊት ለፊት አስፋልቱ ዳር ጣልካት። ሰው ተሰበሰበ። ትንፋሽህ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ ጥጃ ታክላለች አልክ። ደግመህም ጥጃ ታክላለች አልክ። ሌላም ነገር ተናግረህ ነበር። አልፈራችኝም፣ እየሮጥኩ ስመጣባት አልሸሸችም፣ ዓይኗ እኔ ላይ ነበር ግን እኔን አያይም፣ ለሃጯ እስከ ደረቷ ወርዷል ብለህ ነበር። አሁን ቃል በቃል ይመጣልኛል። ያን ቀን ግን ጆሮዬ ውስጥ የገባው ጥጃው ብቻ ነው።

የሞገስን የመኪና ሸራ እየሰፋሁ ነበር። ሸራ ወፍራም ነው፣ ማሽን ያስጨንቃል፤ መርፌው ዘሎ የቀኝ ሌባ ጣቴን ጫፉ ላይ ወግቶኝ በብጫቂ ጨርቅ አስሬው ነበር። እንደታሰረ ሜትሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ወጣሁ። ሰው ክብ ሠርቶ ሲቆም ምን እንደሚያደርገኝ አንተ ታውቃለህ። ተኩላዋን እንደ ሙሽራ ልብስ ለካኋት። ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ጫፍ አንድ ሜትር ከአሥራ ሁለት፣ ከእግሯ መዳፍ እስከ ትከሻዋ አርባ ሁለት ሴንቲ። ቁጥሩን እንደ ጨረታ ጮክ ብዬ ጠራሁ። ከጎረቤት የሽንኩርት ሚዛን አስመጥቼ አስመዘንኳት፤ ዘጠኝ ኪሎ ተኩል ሆነች። የጎድን አጥንቷ ይቆጠር ነበር፤ ምን ሆና ነው እንዲህ የከሳችው ብሎ የጠየቀ የለም። አንዱ፣ ይቺማ ተኩላም አይደለች፣ ቀበሮ ናት አለ። ሰው ሳቀ። ሳቅ ደግሞ እኔን እንደ ጠላ ነው የሚይዘኝ። በመጨረሻ ጥርሷን ልለካ ተነሳሁ። ጣቴ ላይ ያለው ጨርቅ እያዳለጠ ሲያስቸግረኝ ፈትቼ ጣልኩትና በባዶ እጄ አፏን ከፈትኩ። ጥርሷ ከኮት ቁልፍ አይበልጥም ብዬ አወጅኩ። እጄን በሱሪዬ ጠርጌ ወደ ሸራዬ ተመለስኩ።

አንተ እዚያው ቆመህ ነበር። ፊትህን አይቼዋለሁ። አይቼው ነው የቀጠልኩት።

ቁስልህን ልታሳይ ጤና ጣቢያ ስትሄድ አብሬህ መጣሁ፤ እሱን ለወዳጅነት ነው ያደረግኩት፣ እዚያም ግን አፌ ተከትሎኝ መጣ። መዝገብ የሚይዘው ሰውዬ፣ የነከሰህ ውሻ ነው ወይ ብሎ ጠየቀህ። አንተ ሳትመልስ እኔ ቀደምኩ። ውሻማ ቢሆን መች ጠላን፣ ተኩላ ናት፣ እሷም ከውሻ ታንሳለች አልኩት። ሰውዬው ፈገግ ብሎ አንድ ነገር ጻፈ። ቁስልህን አጠቡ፣ አሸጉ፣ ለቲታነስ አንድ መርፌ ወጉህና ወጣን። ውሻ ነው ብንል ኖሮ ጥያቄው ይከተል ነበር። የማን ውሻ ነው፣ ተከትቧል ወይ፣ አሁን የት ነው ይሉን ነበር። ተኩላ ስንል ማንም ምንም አልጠየቀም። ስንወጣ፣ እግርህን ያተረፈው የእኔ ድርብ ስፌት ነው፣ ሌላ ሰው የሰፋው ሱሪ ቢሆን አጥንት ትደርስ ነበር እያልኩ አስቅህ ነበር። አንተም ሳቅክ። ከእኔ ጋር የሳቅከው ያ የመጨረሻው ነው።

ጥጃ የሚለውን ስም ያወጣሁልህ እኔ ነኝ። ማን ነው ይህን ያመጣው ብለህ ስትጠይቀኝ የመናኸሪያ ልጆች ናቸው ብዬህ ነበር። እኔ ነኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከተማው ለመደው። ራሔል ቤት ሽማግሌ ልትልክ እንዳሰብክ ለማንም ሳትነግር ለእኔ ብቻ ነግረኸኝ ነበር፤ ይህንንም እያወቅኩ፣ ኅዳር 5 ቀን ሻይ ቤቷ ሞልቶ ሳለ አንተ በበሩ ስትገባ እንደ ጥጃ እምቧ አልኩ። ቤቱ ሁሉ ተቀበለኝ። ራሔል ብቻ ጀርባዋን ሰጥታን ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች። አንተ ሻይህን ሁለት ጊዜ ተጎንጭተህ አስቀመጥከው። ብርጭቆው ግማሽ ነበር፤ ከወጣህ በኋላ ዓይኔ ከእሱ አልነቀል አለ። በነጋታው ሽንኩርቱን ለወንድሙ ትቶ ሎጊያ ሄደ አሉኝ። አውሬውን ገድለህ የራሔልን አህያ አድነህላት፣ እሷንም አድነሃት ሳለ፣ ከተማው የሸለመህ ጥጃ የሚል ስም ነው። የሽልማቱ ባለቤት እኔ ነኝ።

አሁን ስለ አህያው ልንገርህ፤ እናትህ በስልክ ሊያስረዱህ ያልቻሉት ይህን ነው።

ኅዳር 26 ቀን አህያው ወደ ወንዝ አልወርድም አለ። ራሔል ስንፍና መስሏት ነበር። ከሰዓት በኋላ አፍንጫው ላይ ያለውን ጠባሳ ግንድ ላይ ይፈትገው ጀመር፤ እስኪደማ ፈተገው። በማግስቱ ድምፁ ሰለለ። ነፋስ የሻይ ቤቱን ሸራ ባርገበገበው ቁጥር ሰውነቱ ሁሉ ይዘላል። ውሃ በባልዲ ሲያቀርቡለት አንገቱ ይንቀጠቀጥና ወደ ኋላው ያፈገፍጋል፤ ዓመታት ሙሉ ውሃ የተሸከመ አህያ ውሃ ሲያይ እንደዚያ ሲሆን ማየት ከባድ ነው። በአራተኛው ቀን ሞተ። የእንስሳት ሐኪሙ ሄኖክ ሲመጣ መጀመሪያ የጠየቀው አፍንጫው ላይ ያለው ጠባሳ ምንድን ነው ብሎ ነው። ራሔል ነገረችው። ሰውስ ነክሳለች ወይ አለ። የቆመው ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ። የሚስቅ አልነበረም።

ሄኖክ ኒም ዛፉ ጥላ ሥር አስቀምጦ ያስረዳኝን እንዳለ እጽፍልሃለሁ፤ አልጨመርኩበትም። ተኩላ ሰው አትበላም አለኝ። በኛ አካባቢ ያሉት ከመካከለኛ ውሻ አይበልጡም፣ የሰው ሽታ ሲመጣባቸው ይሸሻሉ። በረዶ አገር ያሉት የነዚህን አራት አምስት እጥፍ ይመዝናሉ፣ እነሱም ቢሆኑ ከሰው መራቅ ነው የሚወዱት አለኝ። እኔም ያው አመሌ ነውና፣ ታዲያ የኛዋ ትንሽ ከሆነች ምኗ ያስፈራል አልኩት። በትዕግሥት አየኝ። የሚያስፈራው አለመሸሿ ነው እንጂ ቁመቷ አይደለም አለኝ። በጠራራ ፀሐይ ወጥታ፣ ዶማ የያዘ ሰው እየሮጠ ሲመጣባት ያልሸሸች ተኩላ ታማለች ማለት ነው፣ እንዲህ መሆኗን ያየ ሰው አልነበረም ወይ አለኝ። ነበር። አልፈራችኝም ብለህ ነበር። እኔ ሜትር እየዘረጋሁ ነበር እንጂ አንተ ተናግረህ ነበር።

ስሙም አሳስቶናል። የእብድ ውሻ በሽታ እያልን ስንጠራው ኖርን፤ ስለዚህ ውሻ ከሌለበት በሽታው የሌለ መሰለን። ጥሩ ውሻ ቤቱ አስሮ የያዘ ሰው አይመለከተውም፣ ዱር የሚያድር አውሬማ ጭራሽ አያገኘውም እንላለን። ሄኖክ እንደሚለው ተኩላም፣ አህያም፣ ድመትም፣ ላምም ይይዘዋል፤ በምራቅ ነው የሚተላለፈው። ነካሹ የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ ቁስሉ መርፌ የወጋው ያህል ቢሆን እንኳ ይበቃል አለኝ።

ሰው ላይ ሲመጣ መጀመሪያ የተነከሰው ቦታ ይነዝራል። ከዚያ ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት። ከዚያ ውሃ አልወርድ ይላል፣ ነፋስ ፊትን ሲነካ ያስደነግጣል። እዚህ ከደረሰ በኋላ መርፌው አይረዳም። ሳይጀምር ከተወጉት ግን ያድናል፤ ይህን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ጠይቄው ሦስቴም ያድናል ብሎኛል። ቁስሉ ከራስ በራቀ ቁጥር ይዘገያል። አህያው አፍንጫው ላይ ስለሆነ አምስት ሳምንት ብቻ ቆየ። እጅ ላይ ከሆነ ጥቂት ይጨምራል። እግር ላይ ሲሆን ወራት ሊቆይ ይችላል። አብሮ አደጌ፣ አንተ የተነከስከው እግርህ ላይ ነው። ጊዜ አለህ። ብዙ ግን አይደለም፤ ስንት እንደሆነ የሚለካበት ሜትር የለም።

ሌላ የነካካት ሰው አለ ወይ ብሎኝ ነበር። የለም፣ ቀብረናታል አልኩት። ስለ ራሴ ትዝም አላለኝ፤ ጣቴ ድኖ ጠባሳ እንኳ አልነበረውም።

ራሔል የአህያውን አፍ በእጇ ስትከፍት ስለነበር ሄኖክ በዚያው ዕለት ላካት። በጣርማ በር ወጥታ ደብረ ብርሃን ተወግታ መጣች፤ እስካሁን ሦስቱን ወስዳለች፣ ክንዷ ትንሽ ከማበጡ በቀር ምንም አልሆነችም። ትጠይቀኛለች፤ ደረሰው ወይ ትለኛለች። አንድ ቀን ልቤን ሰብስቤ፣ ተኩላዋ ለአንቺ ምን ታክል ነበር ብዬ ጠየቅኳት። ጥጃ ትሁን ውሻ አላውቅም፣ ወደ እኔ ስትመጣ ግን ትልቅ ነበረች አለችኝ። የማይፈራ ነገር ትልቅ ሆኖ ነው የሚታየው። ይህን ለማወቅ ወንዙ ዳር መቆም ያስፈልግ ነበር።

ስለዚህ የምነግርህን አድርግ። ከሎጊያ ትልቁ ሆስፒታል ሩቅ አይደለም፣ ሞገስ ቦታውን ያውቀዋል። ተሳፍረህ ከእሱ ጋር ሂድ። መጀመሪያ የሚጠይቁህ ውሻ ነው ወይ ብለው ነው። ተኩላ ናት ብለህ እንዳትጀምር። ያበደ አውሬ ነክሶኛል፣ አብሮኝ የተነከሰው አህያ አብዶ ሞቷል በል። ካልገባቸው፣ አዎ ውሻ ነው በላቸው፤ አንድ ጊዜ ብትዋሽ እኔ እሸከምልሃለሁ። መርፌው አንድ ቀን ብቻ አይደለም፣ ቀን ቆጥረው መልሰው ይጠሩሃል፣ ሁሉንም ጨርስ። ደህና ነኝ፣ ቁስሉ ድኗል አትበል። የእኔም ድኖ ነበር። ሞገስን፣ አንተ መርፌውን ስትወጋ በዓይኑ ሳያይ መኪናውን እንዳያስነሳ በልጆቹ አስምዬዋለሁ፤ አንተ እምቢ ብለህ ጭነቱን ብታስረፍድበት እሱም ይጠላኛል።

ስለ እኔ ብዙም የምጽፈው የለኝም። ከሦስት ቀን ወዲህ ሌባ ጣቴ፣ ሲቀመጡበት የደነዘዘ እግር እንደሚያደርገው ይነዝረኛል፤ መቀስ ስይዝ ይብሳል፣ ስለዚህ ሒክማ ትቆርጣለች እኔ አጠገቧ ሆኜ አሳያታለሁ። እንቅልፍም እምቢ ብሎኛል። ትናንት ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። ጣቴን አገላብጦ አየው፣ ከመቼ ጀምሮ ነው አለኝ፣ ነገርኩት። መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ወደ ላይ፣ ወደ ሆስፒታል የሚያስኬድ ወረቀት ጻፈልኝና ቤተሰብ ይዘህ ሂድ አለኝ። ወረቀቱ ኪሴ ነው። ሞገስን ነገ ማለዳ ከሸኘሁ በኋላ በጣርማ በር እወጣለሁ። ለፈይዛ ሙቀቱ ስላደከመኝ ብርድ ልቀበል ነው ብያታለሁ፤ እውነቱን መንገድ ላይ እነግራታለሁ። ሳህኔንና ብርጭቆዬን ለይቻለሁ፣ መኝታዬንም ሱቅ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ተቆጥቶ ነው፣ ምን አድርጌው ይሆን እያለች ለእናትህ አልቅሳለች አሉ። ያን ሜትር ከነሱሪው አቃጥዬዋለሁ። ጠዋት ፈይዛ ውሃ አምጥታልኝ፣ አስቀምጪው በኋላ እጠጣለሁ አልኳት። አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነው። ክዳን አድርጌበታለሁ።

አንተን የምፈልግበት አንድ ጉዳይ ልጻፍ። ሰማያዊ ሱፍ ነበረኝ፣ ለጥሩ ቀን ያስቀመጥኩት። ሽማግሌ የምትልክበትን ኮትና ሱሪ ቆርጬልሃለሁ። ልክህን ሳልለካህ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ቀኝ ትከሻህ ከግራው ዝቅ እንደሚል የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፣ እሱንም አስተካክዬዋለሁ። ወገቡን ሎጊያ አክስታህ እንደሆነ ብዬ በመጠኑ ለቅቄዋለሁ። ስፌቱን ሒክማ ትጨርሰዋለች። ስትመጣ ለብሰህ አሳያት፤ ስህተት ካገኘህባት ሳትስቅባት ንገራት። ከእኔ የወረሰችው እጄን ብቻ እንዲሆን እፈልጋለሁ።

ሻይ ቤቱ ውስጥ ለነበረው ሰው ነገሩን አስተካክያለሁ። ከትናንት ወዲያ፣ ድምፄ ገና ደህና ሳለ፣ ሞልቶ ሲሞቅ ጠብቄ ቆምኩና ያየሁትን ሁሉ ተናገርኩ። ስሙን ያወጣሁት እኔ እንደሆንኩም ተናገርኩ። አንዳንዱ ቀልድ እስኪመጣ ጠበቀ፤ አልመጣም። ከዚያ በኋላ ጥጃ ሲሉህ የሰማሁት ሰው የለም።

ደክሞኛል፤ እዚህ ላይ ላቁም። ሒክማ ከትምህርት ተመልሳ ማሽኑ ላይ ክር እየቀየረች ነው። ፖስታው ለምን በክር ተሰፋ ብለህ እንዳትገረም። ሌላ ጊዜ ጫፉን በምላሴ አርሼ ነበር የማሽገው፣ ዛሬ በማሽን ስፊልኝ አልኳት። አባዬ አበድክ እንዴ ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅኩላት። ስትከፍተው ክሩን በምላጭ ቁረጠው፣ በጥርስህ አትሳበው።

አላህ ዕድሜህን ያርዝመው፣ የእናትህም ጸሎት በሄድክበት ይከተልህ። የምትጠጣው ውሃ ይጣፍጥህ። ከራሔል ጋር የሚሞቅ ቤት ይስጣችሁ፣ ልጅ ስትወልዱም ተረት ሲያምረው የወንዙን ዳር ታሪክ እንዳለ ንገሩት፤ መጠኗን እንዳታሳንሱ። ልኬቱ የእኔ ነበር፣ ልክ የነበርከው ግን አንተ ነህ።

ጥጃ የምታክል ተኩላ እንደገደልክ የሚመሰክረው
አብሮ አደግህ